የባለጭራ ግሶች ቤት

ፕሮፌሰር ቲሆሚር የሞቱት ጫማ ሳያደርጉ ነው። የቤት ጫማቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ካለው የሥራ ክፍላቸው መስኮት ሥር ጎን ለጎን ተቀምጦ ቀርቷል፤ እሳቸው ደግሞ ታች፣ ድንጋይ በተነጠፈበት ግቢ ውስጥ፣ በካልሲ ብቻ ተዘርግተው ተገኙ። ዙሪያቸውን በእጅ የተጻፈ ወረቀት ሞልቶታል። ኮሻቫ የሚሉት ነፋስ ከተነሣ ቀናት አልፈውት ነበርና ወረቀቱ ከፊሉ የአጥሩ ሽቦ ላይ ተለጥፏል፤ ከፊሉ የጋርዶሽን ኮረብታ ጣራዎች እየዘለለ ወደ ዳኑብ ወንዝ ይወርዳል።

ቀኑ የሙታን ቅዳሜ ነበር። የዜሙን ሴቶች የተቀቀለ ስንዴና ሻማቸውን ይዘው መቃብር ወጥተዋል። ቤት የቀረ ሰው ቢኖር የታመመ ወይም ግድ የለሽ ነው፤ ስለዚህ ፕሮፌሰሩ ሲወድቁ ያየ አልተገኘም። መጀመሪያ ያገኟቸው ከመቃብር ቀድመው የተመለሱት ጎረቤታቸው አክስት ዝላቲያ ናቸው።

ኢንስፔክተር ፔሩኒካ ስትደርስ ሳጅን ድራጊች ነገሩን ጨርሶ ጠበቃት።

«ግልጽ ነው፣ ኢንስፔክተር» አለ ኮፍያውን ከነፋሱ በእጁ እየያዘ። «የሃያ ሁለት ዓመት ሥራቸውን በመስኮት በተኑት፤ ጫማቸውን አወለቁ፤ ከዚያ ራሳቸው ተከተሉት። በሩ አልተሰበረ፣ ዕቃ አልጠፋ። ያለቀለት ጉዳይ ነው።»

ፔሩኒካ «ያለቀለት ጉዳይ ነው» ሲሏት ወዲያው የምትጠረጥር ሴት ናት። አለቆቿም በዚህ አይወዷትም። ሃምሳ ዓመት አልፏታል፤ ቀጭን ናት፤ ነገር ስታስብ የታችኛውን ከንፈሯን ትነክሳለች። አሁንም እየነከሰች ደረጃውን ወጣች።

የሥራ ክፍሉ ለማያውቀው ሰው ያስፈራል። አንድ ጥግ ላይ የትም የማያስገባ በር ከነመቃኑ ብቻውን ቆሟል። ከጎኑ መሰላል፣ የተጠቀለለ ገመድ፣ የሕፃን ጋሪና አሮጌ የባቡር ሻንጣ ተደርድረዋል። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነፋሱ መጋረጃውን ያራግበዋል። ከመስኮቱ ፊት ለፊት፣ በክፍሉ መካከል፣ አንድ በርጩማ አለ። ፔሩኒካ ከሁሉ አስቀድማ መስኮቱን ዘጋችው። ዝምታው ሲወርድ ክፍሉ ይበልጥ ከበዳት።

ኮሻቫው ፀጉሯን የወፍ ጎጆ አድርጎት ነበርና ልማድ ሆኖባት ወደ ትልቁ መስታወት ሄደች። መስታወቱ ግን ቡናማ ጠርዝ ባለው ግራጫ የሱፍ ጨርቅ ተሸፍኗል። ሰው የሞተበት ቤት መስታወት ተገልጦ አይተውም። እጇን ሰብስባ፣ ፀጉሯን እንደነበረ ትታ ወደ ማእድ ቤት ሄደች።

የሟቹ ሚስት ቪዶሳቫ የስንዴውን ሳህን ከጭናቸው ላይ ገና አላወረዱም። አጠገባቸው አክስት ዝላቲያ ተቀምጠው ትከሻቸውን ያሻሉ።

«ልጄ፣ ቄሱን አስጠርቼ ነበር» አሉ ቪዶሳቫ። «ራሱን ለገደለ ሰው ፍትሐት የለም አሉኝ። ሰኞ ቀትር ላይ ነው የሚቀበረው። አርባ ስድስት ዓመት አብሬው ኖሬ፣ አንድ ጸሎት ሳይባልለት ጉድጓድ ውስጥ ልጨምረው ነው?»

«እርስዎ ራሳቸውን ገደሉ ብለው ያምናሉ፣ እናቴ?»

«ጠዋት ጢሙን ሲላጭ ያፏጭ ነበር። ከሠርጋችን ወዲህ ሲያፏጭ ሰምቼው አላውቅም። ‘አበቃ፣ ያ ሁሉ አበቃ’ ይለኛል፤ ሲለው ግን ፊቱ ይስቃል። ይህንኑ ለቄሱ ብነግራቸው ሰይጣንም ሰውን ያስቃል አሉኝ።» እንባቸው ስንዴው ላይ ጠብ አለ። «እኔ ለሙታን ሁሉ ሻማ ሳበራ የኔው ያለ ሻማ ሞተ። ይኼን ለጠላቴም አልመኝም።»

ፔሩኒካ አጽናናለሁ ብላ የማይሆን ቃል የምትሰጥ ሰው አይደለችም። «እስከ ሰኞ ጠዋት ድረስ ጊዜ አለኝ» አለች ብቻ።

እሑድ ጠዋት ሉቢንካን ለማነጋገር ሄደች። ሉቢንካ ከፕሮፌሰሩ ጋር ከሚሠሩት ሁለት ተርጓሚዎች ታናሽዋ ናት፤ ምላሷ ፈጣን፣ ዓይኗ ግን በለቅሶ ያበጠ። በሩ ላይ የተገናኙት ቀይ ሻርፗን ተጠምጥማ ልትወጣ ስትል ነው፤ ተመልሰው ገብተው ተቀመጡ።

«ሥራችሁን ንገሪኝ» አለቻት ፔሩኒካ። «እንደማላውቅ ቁጠሪኝ፤ ደግሞም አላውቅም።»

«የእንግሊዝኛ ባለጭራ ግሶችን ወደ ሰርብኛ እንመልሳለን። ስሙን ያወጡት እሳቸው ናቸው። እንግሊዝ ‘ሰጠ’ ይልና ከኋላው ‘ወደ ላይ’ የምትል ጭራ ይቀጥልበታል፤ ተስፋ ቆረጠ ይሆናል። ‘አየ’ ይልና ‘በኋላ’ ብሎ ይቀጥልበታል፤ ተንከባከበ ይሆናል። እኛ ደግሞ ጭራ የለንም። ‘የኛ ግስ ቀንዳም ነው፤ ትርጉሙን የሚለውጠውን ነገር ከፊቱ ያበቅላል’ ይሉ ነበር። ጭራውን ቆርጠሽ ቀንድ ብታደርጊው በሬው ሌላ በሬ ይሆናል። መከራችን ይኸው ነው።»

«መዝገበ ቃላት አገላብጦ መጻፍ አይቻልም?»

«እሳቸው መዝገበ ቃላት አያምኑም ነበር።»

«መዝገበ ቃላት የሚጽፉት ሰውዬ?»

«ታዲያ ሃያ ሁለት ዓመት ለምን ፈጀ ይመስልሻል?» ሉቢንካ ልትስቅ ብላ ተወችው። «ግሱን እንጫወተዋለን። አንዱ ተጫዋች ነው፣ ሌላው ተመልካች። ተመልካቹ በርጩማው ላይ ይቀመጣል፤ የእንግሊዝኛው ቃል አይነገረውም። ተጫዋቹ ያንን የቆመ በር ይሰብራል፣ መሰላል ላይ ይንጠለጠላል፣ ሻንጣ ይጎትታል። ሲጨርስ ‘ምን አየህ?’ ይላል። ያኔ ያየሽውን እናትሽ ቤት እንደምትናገሪው፣ ሳታስቢ መናገር ነው። ትርጉሙ እሱ ይሆናል።»

«ተጫዋቹ ጫማ ያወልቃል?»

«ጠረጴዛ ወይም መስኮት ላይ የሚወጣ ከሆነማ! አክስት ቪዶሳቫ መስኮታቸው ላይ ሰው በጫማ ቆሞ ቢያገኙት…» ዓይኗን በሻርፗ ጫፍ ጠረገች።

«ፕሮፌሰሩ ለብቻቸው የሚጫወቱበት ጊዜስ ነበር?»

«ማን ሊያያቸው? ብቻውን የሚጫወት እብድ ነው ይሉ ነበር።» ሻርፗን ፈትታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «ስሚኝ፤ እኔ ነኝ የገደልኳቸው። ሐሙስ ተጣላን። ትርጉሞቻችን ሞተዋል፣ ዛሬ መንገድ ላይ እንዲህ የሚያወራ ሰው የለም አልኳቸው። ከቤት አስወጡኝ። ዓርብ ደወሉልኝና ‘ልክ ነሽ ልጄ፤ የተሠራውን ጥለን ከመጀመሪያው እንጀምራለን’ አሉኝ። የምሬን ነው የምልሽ፣ ድምፃቸው ደስ ያለው ይመስል ነበር። ማታውን ሙሉ ሲያስቡት ግን ከብዷቸው ይሆናላ።»

«ቅዳሜ የት ነበርሽ?»

«ከእናቴ ጋር፣ ፓንቼቮ ከተማ፣ መቃብር ላይ።»

ፔሩኒካ ደረጃውን ስትወርድ በርጩማዋን እያሰበች ነበር። ማንም ሊያይ ካልተቀመጠ በርጩማ መስኮት ፊት ለፊት ምን ይሠራል?

አሳታሚው ግሊሻ ቢሮው እሑድም ክፍት ነው። ሰፊ ትከሻ ያለው፣ በየካቲት ብርድ የሸሚዙን ሦስት ቁልፍ ከፍቶ የሚቀመጥ ሰው ነው። ፔሩኒካ ገና ካፖርቷን ሳታወልቅ ንግግሩን ጀመረ።

«መዝገበ ቃላቱን ለጥቅምቱ የመጻሕፍት ትርኢት አደርሳለሁ ብዬ ለአገር ሁሉ አውርቻለሁ። ዓርብ ማታ ሌላኛው ተርጓሚ፣ ክርስማን፣ መጣና ሁሉም እንደ አዲስ ይጀመር ተብሏል አለኝ። በሽማግሌው ላይ አምላክ አይፍረድብኝና፣ ያን ሰዓት አጠገቤ ቢሆኑ ኖሮ ምን አደርጋቸው እንደነበር እኔም አላውቅም።»

«ክርስማን እንዴት ነበር?»

«እንዴት ይሆናል? ጮኸ። የሕንጻው ሰው በሙሉ በር ከፍቶ ወጣ። ያቺን እናቱ የሠራችለትን ሻርፕ ከአንገቱ መንጭቆ ጠረጴዛዬን ይገርፋታል። ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው እኮ፤ ዛሬም እናቱ እንዳለበሰችው ሕፃን ተጠቅልሎ ነው የሚዞረው። መቼም እንደሱ ያለ የሆሞልዬ ተራራ ሰው ብርድ ይፈራል። የኔን አንገት አየሽው? ሻርፕ የሚባል ነገር አያውቅም።»

«ቅዳሜ የት ዋሉ?»

«ማተሚያ ቤት። አሥራ አንድ ሠራተኛ ሲሰድበኝ ነው የዋለው፤ ጠይቂያቸው።»

ፔሩኒካ ጠየቀች፤ እውነትም ሲሰድቡት ውለዋል።

ክርስማን ከፕሮፌሰሩ ጋር የመጀመሪያውን ቃል የተጫወተ፣ ሚስት ሳያገባ በዚሁ ሥራ የሸበተ ሰው ነው። በሩን ሲከፍትላት አንገቱ ላይ ራኪያ በሚሉት አረቄ የተነከረ የወጥ ቤት ፎጣ ጠምጥሟል። ድምፁ ከጉሮሮው እየተፋቀ ይወጣል። እንግዳ ናትና በስኳር የተቀቀለ ፕሪም በማንኪያ፣ ከጎኑ አንድ ብርጭቆ ውሃ አቀረበላት።

«አይድከሙ፣ ታመዋል» አለች።

«እንግዳን በባዶ እጅ አይቀበሉም፤ እናቴ ከመቃብር ተነሥታ ትቆጣኛለች።» ሳለ። «ዓርብ ከግሊሻ ዘንድ ስመለስ ነው ነፋሱ የመታኝ። ቅዳሜ ከአልጋ አልወረድኩም። በኋላ ሉቢንካ ደውላ አረዳችኝ።»

«ለሙታን እንኳ አልወጡም?»

«ለእናቴ እዚሁ አበራሁላት።» የመስኮቱን ደፍ አሳያት፤ ነዶ ያለቀ ሻማ ቁራጭ አሸዋ ላይ ተተክሎ አለ። «እንዲህ ያለውን ነገር አልተውም።»

«በፕሮፌሰሩ ተቆጥተው ነበር አሉ።»

«ማን አይቆጣም? እኔ ሕይወቴን ሰጥቻለሁ። ግን ደክመው ነበር፣ ኢንስፔክተር። ልባቸው ከሥራው ወጥቶ ነበር። እግዚአብሔር ይማራቸው።» አማተበ።

ፔሩኒካ ፕሪሙን ቀመሰች፣ ውሃውን ጠጣች፣ ክፍሉን ቃኘች። ከበሩ ኋላ ካፖርትና ባርኔጣ ተሰቅለዋል። ምድጃው ላይ አንድ ጥንድ የእጅ ሹራብ ተዘርግቷል፤ ግራጫ ነው፣ ጠርዙ ቡናማ። ሦስተኛው ማንጠልጠያ ባዶ ነው። ይህን ሱፍ ከዚህ በፊት የት እንዳየችው ወዲያው አልመጣላትም።

የመጣላት ጋርዶሽ ተመልሳ፣ አክስት ዝላቲያ ደረጃው ላይ አስቁመው ስለ ቀብሩ ሲያወሩላት ነው።

«ቪዶሳቫ በዚያ ሐዘኗ ውስጥ ሆና እንኳ ወጉን አለመርሳቷ!» አሉ። «መስታወቱን ሳይቀር ሸፍናለች። እኔማ መስታወቱ ትዝም አላለኝ።»

ፔሩኒካ አቋረጠቻቸው። «መስታወቱን የሸፈኑት እርስዎ አይደሉም?»

«እኔ? እኔ የወጣሁት ቪዶሳቫን ደግፌ ነው። ስንገባ ተሸፍኖ ነበር፤ እሷ ናታ።»

«ቪዶሳቫ ከመቃብር ሲመጡ በእርስዎ እጅ ተደግፈው ከወጡ መቼ ሸፈኑት?»

«እንግዲያው ማን ሸፈነው?» አሉ አክስት ዝላቲያ።

ቪዶሳቫ ተጠየቁ፤ ዝላቲያ ሸፍናልኝ መስሎኝ ነው አሉ። ሳጅን ድራጊች ተጠየቀ። የዝላቲያን መለዋወጫ ቁልፍ ይዞ ከሁሉ ቀድሞ ብቻውን የገባው እሱ ነበር።

«ያኔም ተሸፍኖ ነበር» አለ። «ሴቶቹ ናቸው ብዬ። መስታወት መሸፈን የሴቶች ሥራ ነው፣ ማን ልብ ይለዋል?»

ያን ዕለት ማታ ፔሩኒካ የሥራ ክፍሉ ውስጥ ብቻዋን ቀረች። መስታወቱ ፊት ቆማ ግራጫውን ሱፍ ሳትነካው ብዙ አየችው። በሌላ ግድያ ቢሆን ደም ባየች፤ በስርቆት ቢሆን የጎደለ ነገር በፈለገች። እዚህ ግን ገዳዩ ትቶት የሄደው ነገር ሐዘን ነበር። በሥራዋ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟት አያውቅም፤ አስፈራትም።

ሰኞ ጠዋት ሁሉንም በሥራ ክፍሉ ሰበሰበቻቸው። ቪዶሳቫ ጥቁር ለብሰው፣ ጥቁር ሻሽ አስረው ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠዋል፤ አክስት ዝላቲያ ከኋላቸው ናቸው። ሉቢንካ የቆመውን በር ተደግፋለች። ግሊሻ ሰዓቱን ያያል። ክርስማን ካፖርቱን እንደለበሰ፣ አንገቱን በፎጣው እንደጠቀለለ ከሁሉም ርቆ ግድግዳ ይዟል። ሳጅን ድራጊች ደጃፉን ዘግቷል። ውጭ ኮሻቫው ጣራውን ይገርፋል።

«ቀብሩ ቀትር ላይ ነው» አለች ፔሩኒካ፤ «አላስረዝምም። ሳጅን፣ ፕሮፌሰሩ ራሳቸውን ገደሉ ያልከኝ በምን ነበር?»

«በጫማውና በወረቀቱ።»

«ከጫማው እንጀምር። ፕሮፌሰሩ መስኮት ላይ ሲወጡ ጫማቸውን ያወልቃሉ። መቼ? ግስ ሲጫወቱ። እንግዲህ ጫማ መውለቁ የሚነግረን ሊሞቱ መሆኑን ሳይሆን ሥራ ላይ መሆናቸውን ነው። ሉቢንካ፣ ብቻቸውን ይጫወታሉ?»

«በጭራሽ።»

«በርጩማዋም መስኮቱን ፊት ለፊት እያየች ነበር። ስለዚህ ቅዳሜ በዚህ ክፍል ሁለት ሰው ነበር፤ አንዱ ሲጫወት ሌላው ሲያይ።»

ግሊሻ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይሁን፣ ሰው ነበረ እንበል። ሽማግሌው ራሳቸው አዳልጧቸው ቢወድቁስ?»

«አዳልጧቸው ቢሆን ያየው ሰው ጮሆ ወደ ታች ይሮጥ ነበር። ይህ ሰው አልጮኸም። ወደ ላይኛው መንገድ በሚያወጣው የጓሮ በር ሹልክ ብሎ ሄደ፤ እስከ ዛሬም አላየሁም ይላል። ከመሄዱ በፊት ግን አንድ ነገር አደረገ።» ወደ መስታወቱ ዞረች። «ይህንን ሸፈነ።»

ቪዶሳቫ ቀና አሉ።

«ዝላቲያ ቪዶሳቫ ናት አሉ። ቪዶሳቫ ዝላቲያ ናት አሉ። ሳጅን ሁለቱም ናቸው አለ። ሦስታችሁም ስትገቡ ተሸፍኖ ነበር፤ ሦስታችሁም ከናንተ አንዱ እንዳደረገው ገመታችሁ። እኔም ዓይቼው አለፍኩ። የለቅሶ ቤት መስታወት መሸፈኑ ማንን ይገርማል? ግን ሬሳው ገና ሳይገኝ ቤቱ የለቅሶ ቤት መሆኑን ያወቀው ማነው?»

ግሊሻ ሰዓቱን ማየት ተወ።

«ምናልባት ፕሮፌሰሩ ራሳቸው…» ብሎ ጀመረ ሳጅን።

«ራሱን የሚገድል ሰው ለራሱ ሐዘን አይቀመጥም። ደግሞ ይህ ጨርቅ የዚህ ቤት አይደለም። እናቴ፣ ያውቁታል?»

ቪዶሳቫ አተኩረው አዩት። «የዝላቲያ ነጠላ መስሎኝ ነበር።»

«የኔ አይደለም» አሉ ዝላቲያ።

«ነጠላም አይደለም፤ የአንገት ሻርፕ ነው። ሰውዬው ፈጥኖ መሸፈን ነበረበት፤ በእጁ የመጣለት የአንገቱ ልብስ ነው። ከዚያ ሊወስደው አልቻለም። ሰውን መግደል የቻለ እጅ፣ የሟችን መስታወት መግለጥ አቃተው። በዚህ ነፋስ አንገቱን ባዶ አድርጎ ነው ቤቱ የገባው።» ፊቷን ወደ ሦስቱ መለሰች። «የሉቢንካ ቀይ ሻርፕ አንገቷ ላይ ነው። የግሊሻ አንገት ሻርፕ አያውቅም፤ አሥራ አንድ ምስክርም አለው። ክርስማን ግን ዓርብ ማታ እናቱ የሠራችለትን ሻርፕ እያወዛወዘ ሲጮህ ነበር። እሑድ ድምፁ የለም፣ ሻርፑም የለም፤ አንገቱ ላይ ያለው ፎጣ ነው። ምድጃው ላይ የነበረው የእጅ ሹራብ ከዚህ ከሻርፑ ጋር በአንድ ሱፍ፣ በአንድ እጅ የተሠራ ነው።»

ክርስማን እጆቹን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተተ። «ግራጫ ሱፍ በገበያ ሞልቷል» አለ፤ ድምፁ እምብዛም አልተሰማም።

«ልክ ነዎት። እንግዲያው ባለቤት የለውም ማለት ነው።» ፔሩኒካ የሻርፑን ጫፍ ያዘች። «ላውርደው።»

«አትንኪው!» ክርስማን ከግድግዳው ተነቅሎ መጣ። «ገና አልተቀበሩም! መስታወቱን አትግለጪባቸው!»

ሳጅኑ ሊይዘው ሲል ፔሩኒካ በዓይኗ ከለከለችው። ሻርፑን ለቀቀችው። ክርስማን በርጩማዋ ላይ ተቀመጠ፤ ያቺው በርጩማ መሆኗን ያወቀ አይመስልም።

«ልለምናቸው ነበር የመጣሁት» አለ። «እንዳይጥሉት። እሳቸው ግን ‘ተቀመጥ ክርስማን፣ የመጀመሪያዋን አዲስ ግስ እንጫወት’ አሉኝ። እንደ ልጅ ሆነዋል። ጫማቸውን አወለቁ፣ መስኮቱን ከፈቱ፣ ደፉ ላይ ወጡ። ኮሻቫው ገባና ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ሁሉ አነሣው። የኔ ጽሑፍ ነው እኮ፤ በኔ እጅ የተጻፈ። በጭንቅላታቸው ላይ እያለፈ ወጣ። ‘ምን አየህ?’ አሉኝ።»

«ምን አልካቸው?» አለች ሉቢንካ በሹክሹክታ።

«ሃያ ሁለት ዓመቴ በመስኮት ሲሄድ አየሁ አልኳቸው።» ክርስማን ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ሳቁ። ‘ግሩም ነው! ከዚህ የተሻለ አይመጣም፣ በል ጻፈው’ አሉኝ። ትርጉም መሰላቸው። አለቀስኩ እኮ፤ እሳቸው ትርጉም መሰላቸው። ከዚያ ነፋሱን ሊያዩ ፊታቸውን አዞሩ።»

የገፋበትን ቅጽበት አልተናገረም፤ ማንም አልጠየቀውም።

«ሻማ ለኮስኩላቸው» አለ ቆይቶ፣ ወደ ቪዶሳቫ ሳያይ። «ያለ ሻማ እንዳይሄዱ። ነፋሱ አጠፋብኝ። እንደገና ለኮስኩ፣ እንደገና አጠፋብኝ። ሌላ ላደርግላቸው የቻልኩት መስታወቱን ብቻ ነው።»

ሳጅን ድራጊች ይዞት ወጣ። ሉቢንካ በሩን ተደግፋ ታለቅስ ነበር፤ እኔ ገደልኳቸው እያለች ዓይኗ እስኪያብጥ እንዳለቀሰችው ግን አልነበረም። ግሊሻ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆለፈ።

ፔሩኒካ ሻርፑን ለማስረጃ መውሰድ ነበረባት፤ ግን እጇ አልሄደላትም። ቪዶሳቫ ይህን አዩ። ከተቀመጡበት ተነሥተው ጥቁር ሻሻቸውን ከራሳቸው ፈቱ፤ ነጭ ፀጉራቸው ትከሻቸው ላይ ወረደ። ሻሹን በግራጫው ሻርፕ ላይ ዘርግተው የመስታወቱን ጫፎች እስኪሸፍን ጎተቱት፤ ከዚያ ከሥሩ ሻርፑን ቀስ ብለው ሳቡና አጣጥፈው ሰጧት። መስታወቱ ለቅጽበት እንኳ አልተገለጠም።

«አሁን ውሰጂው፣ ልጄ» አሉ። «ቄሱ ዘንድ አንቺ ደውዪልኝ። እኔ ድምፄ አይወጣም።»

ፔሩኒካ ስልኩን አነሣች። ቄሱ እስከ መጨረሻው አዳመጧት፤ ከዚያ ፕሮፌሰሩ በክርስትና ስማቸው ማን እንደሚባሉ ጠየቁ። ለፍትሐቱ ያስፈልጋቸዋል።

«ቲሆሚር» አሉ ቪዶሳቫ ከኋላዋ፣ ድምፃቸው ወጥቶ። «ቲሆሚር ነው። ሻማውን እኔ አመጣለሁ።»